እስከ ነገ ጠዋት

ትሩፋት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ሲጨምር የነበረው ቁጥር ቆመ። መልሳ አነሳችውና ቴሌግራምን ነካች፤ ቁጥሩ ዘለለ። ደፋችው፤ ቆመ። አነሳችው፤ ዘለለ።

«እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች ለራሷ።

የሰርቨር ክፍሉ መስኮት የለውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሒሳብ ክፍሉና በመጸዳጃው መሃል ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ስለሚያጉረመርም የሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ረዳቶች ጩኸት እንኳ አይገባም። ትሩፋት ሁልጊዜ ከወንበሩ ጀርባ የምትሰቅለውን ወፍራም ሹራብ ለብሳ ጠዋት እንደተቀመጠች ነው።

ድርጅቱ የመኪና መለዋወጫ ያስመጣል። ዋናው ቢሮ እዚህ ነው፤ መጋዘኑ ሳሪስ። ከቢሮው ወደ ውጭ የሚሄድ፣ ከውጭም የሚመጣ ነገር ሁሉ በዚህ ሰርቨር ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ እሷና የሥራ ባልደረባዋ ዋቅጅራ «በሩ» ነው የሚሉት። ካሜራ የሚተክሉት፣ ገመድ የሚዘረጉት፣ «ኔትወርክ የለም» ሲባል የሚሮጡት እነሱ ሁለቱ ናቸው።

ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ መኩሪያ ወደ ክፍሉ ገቡ። እዚህ ክፍል የመግባት ልማድ የላቸውም፤ ብርዱ ለወገባቸው አይስማማም ይላሉ።

«የሳሪሶቹ መስመሩ ይቆራረጣል ብለዋል» አሏት። «ዛሬ የትም አትውጪ። እዚሁ ቁጭ ብለሽ ያንን የመቆጣጠሪያ መልእክት የምትሉትን ተከታተይልኝ። ቁጥሩን እየያዝሽ።»

«ዋቅጅራ ይያዘው ጋሼ። እኔ ዛሬ የመጋዘኑን ካሜራ ልተክል ቀጠሮ አለኝ።»

«ካሜራው ይደርሳል። አንቺ ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

እዚህ ቤት ስትሠራ ልጄ ብለዋት አያውቁም። በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፤ ሌላ ነገር የሚሉ መስሏት ጠበቀች። «በርቺ» ብለዋት ሄዱ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ማሽኖች ከዋናው ሥራቸው ጎን የሚለዋወጡት አጭር አጭር መልእክት አለ። አንዱ «አለህ?» ይላል፤ ሌላው «አለሁ» ይላል። መንገድ ሲጠፋ ወይም በር ሲዘጋ ደግሞ «የፈለግከው ቦታ አይደረስም» የሚል ይመለሳል። ሰርቨሩ እነዚህን በየዓይነታቸው ይቆጥራል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ። የሚቆራረጥ መስመር ካለ «አለህ?» እየበዛ «አለሁ» ያንሳል። ትሩፋት እስከ ረፋድ ድረስ ስታይ ሳሪስ አንድም ጊዜ አልጎደለም። የተጠራው ሁሉ አቤት ብሏል።

የሚንቀሳቀሰው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «አይደረስም» የሚለው። እሱም ከውጭ የመጣ ሳይሆን ሰርቨሩ ራሱ ወደ ቢሮው ውስጥ፣ ለአንድ ሰው የሚመልሰው ነው።

ረፋድ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ዚነት ሻይ ይዛላት መጣች። ሌላ ጊዜ ከበሩ ላይ «ነይ ውሰጂ፣ እኔ ፍሪጅ ውስጥ አልገባም» ነበር የምትላት። ዛሬ ገባች፤ ስኳሩን ራሷ አማስላ ብርጭቆውን እጇ ላይ አደረገችላት።

«ዚነት፣ ምነው ዛሬ? የሎተሪ ዕጣ ወጣልኝ እንዴ?»

«ጠጪ በቃ» አለች ዚነት፤ ሒጃቧን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ በፍጥነት ወጣች።

ትሩፋት ሻዩን ጠጣች። ስልኩን መድፋትና ማንሳት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ታክሲ ላይ ሆና ለወንድሟ ለኖላዊ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነበር፤ ቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክት ትቶላት እንደሆን ልታይ ፈልጋ ነበር። ትሩፋት የሞባይል ኢንተርኔት አትገዛም። የቢሮው እያለ ለምን ብላ።

በሩ ተንኳኳ። ዋቅጅራ ነው። እሱም አንኳኩቶ አያውቅም። በእጁ ክዳን ያለው ሳህን ይዟል።

«ምሳ አመጣሁልሽ።»

«አንተ? ለኔ?»

«ብዪ፤ ይቀዘቅዛል።»

ክዳኑን ከፈተችው። ጥብስ ነው፤ ቃሪያው ከላይ ተደርድሯል።

«ዋቅጅራ፣ ትናንት እኔ በገዛሁት ሽሮ ላይ እጅህን ሳትታጠብ ነው የወረድክበት። ዛሬ ጥብስ? ምን ሰብረህ ነው? እውነቱን ንገረኝ፤ ስዊቹን አቃጠልከው?»

«ምንም አላቃጠልኩም።»

«ዓይንህስ ምን ሆኖ ነው የቀላው?»

«አቧራ ነው። ያ የሚቆፍሩት መንገድ።»

«ሚስትህ አስወጥታህ ነው።»

«እሱም አለ» አለ ዋቅጅራ። በሌላ ቀን ቢሆን አንድ ስትለው ሦስት ይመልስላት ነበር። አሁን ግን የግድግዳውን ገመድ እያየ ቆመ።

«ቴሌግራም እንቢ አለኝ» አለችው። «ያንተ ይሠራል?»

«የኔም አስቸግሯል። በአጠቃላይ ነው መሰለኝ፤ ሰዉ ሁሉ እያማረረ ነው።»

«ሳሪስስ?»

«ሳሪስ ምን?»

«መስመሩ ነዋ። ለሱ አይደል ታስሬ የዋልኩት?»

«እ… አዎ። ትንሽ ተሽሎታል አሉ። አንቺ ግን ቀጥዪ።» ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ። «ብዪ እሺ? ሳትበዪ እንዳትውዪ።»

ከሄደ በኋላ ሁለት ሦስት ጉርሻ በላች። ከዚያ እጇን ጠርጋ ሰርቨሩ «አይደረስም» የሚለውን መልእክት ለማን እንደሚልክ ፈለገች። ብዙ አልፈጀም። የሚልከው ለሁለት አድራሻዎች ነው፤ አንዱ የእሷ ስልክ፣ ሌላው የእሷ ኮምፒዩተር።

መስመር ሲበላሽ እንዲህ አያደርግም። መስመር ሲበላሽ ስልኩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሰው ይሰለቻል። የሷ ግን ገና ስትነካው ነው እምቢ የሚለው። ይህ በር ተዘግቶ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ሰው «አይቻልም» ብሎ ሲመልስ ነው።

በር መዝጊያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሪጀክት ይባላል፤ የመጣውን «አይቻልም» ብሎ ይመልሰዋል። ሌላው ድሮፕ ነው፤ የመጣውን ወስዶ ይጥላል፣ መልስም አይሰጥም። ዋቅጅራ ሥራ የጀመረ ሰሞን ሁሉንም በድሮፕ እየዘጋ አስቸግሯት ነበር።

«በርህ ላይ የመጣን ዝም አትበለው» ትለው ነበር። «እምቢም ቢሆን መልስ ስጠው፤ ቆሞ አይጠብቅ።»

«ለኮምፒዩተር ታዝኛለሽ?»

«ከኮምፒዩተሩ ኋላ ሰው አለ፣ አንተ ከብት።»

ከዚያ ወዲህ ዋቅጅራ በሪጀክት ብቻ ነው የሚዘጋው። እጁ ለምዶታል። ሌላም ያስተማረችው ነገር አለ፤ በር የሚዘጋ ሰው ከጎኑ በማን ትእዛዝ እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ መጻፍ አለበት፣ አለበለዚያ የተዘጋው ይረሳል።

የተዘጉትን ዝርዝር ከፍታ አየች። ከላይ ሁለት አዲስ መስመሮች አሉ። ቴሌግራምና ፌስቡክ፣ ለትሩፋት ስልክና ኮምፒዩተር ብቻ። ከጎኑ እንዳስተማረችው ተጽፏል፤ ትእዛዝ፦ ጋሽ መኩሪያ። እስከ፦ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት።

ሁለቴ አነበበችው።

አንድን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ሻዩን አማስለው፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ የሚደብቁት ነገር አንድ ነው። ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳይበተን፣ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። ይህን ለማወቅ ማንም አላስተማራትም። አባቷ የሞቱ ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረቤቶች ቤታቸው አስገብተው አዋሏት፣ አሳደሯት። ሥጋ በላይ በላይ አጎረሷት። በማግስቱ ነው ወደ ቤቷ የወሰዷት።

ጥብሱን አየችው። ክዳኑን አንስታ ከደነችው።

እናቷ አይደሉም። እናቷ ጠዋት ደውለውላታል፤ ስለ ውሃ ነበር ያወሩት። የቀረው አንድ ሰው ነው። ኖላዊ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ስልኩ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው፤ በረሃው ላይ ሲሆን ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ ማንም በዚህ አይደነግጥም።

አንድ ነገር ከውስጧ እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። የሳሪስ መጋዘን «አለህ?» ሲባል «አለሁ» ይላል። በኪቦርዱ ቁልፎች መሃል የገባውን አቧራ በጥፍሯ ማውጣት ጀመረች፤ አንዱን መስመር ጨርሳ ወደ ሌላው ሄደች።

ዋቅጅራ የዘጋውን መክፈት ለሷ ምንም አይደለም። ሁለቱን መስመሮች ብታጠፋቸው ስልኳ ሁሉንም ያመጣላታል። የት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ። ሾፌሮቹ የራሳቸው የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ መንገድ ላይ የሆነውን ሁሉ፣ የወደቀ መኪና ከነቁጥሩ፣ አንዳንዴም የሰው ፊት ሳይቀር ፎቶ አንስተው የሚለጥፉበት። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል። ምናልባት ቆስሎ ነው። ግን ለቆሰለ ሰው እስከ ነገ ጠዋት አይባልም።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«ትሩፍ፣ ሥራ ላይ ነሽ?»

«አዎ እማ።»

«ያ ልጅ ደውሎልሻል?»

«አልደወለም።»

«ለኔም ዝግ ነው የሚለኝ። በረሃው ላይ ነው መቼም።»

«በረሃው ላይ ነው።»

«ስልኬ ደግሞ ስትንጫጫ ነው የዋለችው። ኪው ኪው ኪው። የነኖላዊ ግሩፕ ነው መሰለኝ። ለሊሴ እንዳትከፍትልኝ ሥራ ሄዳለች። እስቲ የሱ ድምፅ ካለበት ብዬ ራሴ ልከፍተው ስል መነጽሬን አጣሁት።»

እናቷ ወይዘሮ ወጋየሁ ሀና ማርያም ነው የሚኖሩት። ለሊሴ ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየች ነርስ ናት። ግሩፑ ውስጥ እናቱን ያስገባቸው ኖላዊ ራሱ ነው፤ የሾፌሮቹን ቀልድ ይወዱታል፣ ዝናብ ሲጥልም መንገዱ ደህና መሆኑን ከዚያ ይሰማሉ። አሁን ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ወደሳቸው የሚመጡት ሽማግሌዎች ነገ ነው የሚመጡት። ትሩፋትን ከስልኳ የጠበቋት ሰዎች እናቷም ስልክ እንዳላቸው አላሰቡም።

«እማ፣ አንዴ አትዝጊው» አለች። «መነጽሩን መጨረሻ የት ነበር ያደረግሽው?»

«ባውቅማ እፈልገዋለሁ?»

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ያዘችና ሁለቱን እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አደረገች። የእናቷ ስልክ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ የተከለችውም እሷ ናት፤ በየሳምንቱ «አልሠራ አለ» እያሏት ሲቸገሩ ከቢሮ ሆና እንድታስተካክለው አድርጋ ነበር የተከለችው። የይለፍ ቃሉን ጻፈች። ተሳሳተች። እንደገና ጻፈች።

«በሶውን አዘጋጀሽለት?» አለች።

«ፈጭቼ፣ ነፍቼ፣ በጣሳ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ጨው በዛው ብሎ አይደል መሳቂያ ያደረገኝ? ጓደኞቹ ሁሉ በጥም ሊያልቁ ነበር አለ። የሱን ምላስ ማን ይችለዋል። አሁን አሳንሼዋለሁ። አንቺ ቀምሰሽ ብታዪው ጥሩ ነው።»

«እቀምሰዋለሁ።»

«ሐሙስ እገባለሁ ብሎኛል፤ ላንቺስ?»

«ለኔም።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ማቀዝቀዣው ነው እማ።»

«ልብስ ደርቢ። ያ ክፍል አንድ ቀን ይገድልሻል እያልኩሽ። ቆይ ቆይ… ይኸው! ሬዲዮኑ ላይ አስቀምጬው!»

ትሩፋት ቴሌግራምን ጻፈች፣ ፌስቡክን ጻፈች። ከዚያ ጣቶቿ በልማዳቸው ሪጀክት ብለው ጻፉ።

ቆመች። ሪጀክት ካለችው ስልኩ ወዲያው እምቢ ይላል። እምቢ የተባለ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ጎረቤት ይሄዳል፣ የጎረቤት ልጅ ይጠራል፣ በሌላ ሰው ስልክ ያስከፍታል። ዝም የተባለ ሰው ግን ይጠብቃል። እናቷ መጠበቅ ያውቁበታል። አባቷንም፣ ኖላዊንም፣ ውሃውንም ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

የጻፈችውን አጥፍታ ድሮፕ ብላ ጻፈች።

«ከፈትኩት» አሉ እናቷ። «እየዞረ ነው።»

ትሩፋት ያስገባችውን መስመር እንደገና አነበበችው።

«አሁንም እየዞረ ነው። ኔትወርክ የለም እንዴ?»

«ዛሬ በአጠቃላይ አስቸግሯል» አለች። «ሰዉ ሁሉ እያማረረ ነው።»

«እስከ መቼ ነው?»

ከፊት ለፊቷ ሁለት ባዶ ቦታዎች ነበሩ። ትእዛዝ በሚለው ላይ ስሟን ጻፈች።

«እስከ ነገ ጠዋት ነው እማ» አለች፤ እሱንም ጻፈችው።

«ይሁና። እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ እናቷ፤ መነጽራቸውን ሲያጥፉ ተሰማት። «በይ ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈችው ኋላ ብትጠየቅ መናገር አትችልም ነበር። የሳሪስን ቁጥር መያዟን ቀጥላ ነበር፤ ሰንጠረዡ አንድም ባዶ ቦታ የለውም። ዋቅጅራ የዘጋባትን አልነካችውም። ስልኳንም አላነሳችም፤ የዚያ መስመር ቁጥር እስከ ማምሻ በነበረበት ቆመ።

የሥራ መውጫ ላይ ዋቅጅራ የመኪና ቁልፍ ይዞ መጣ።

«ጋሽ መኩሪያ በሳቸው መኪና አድርሳት ብለውኛል። ታክሲው ዛሬ አይቻልም።»

«ሳሪስ ደህና ነው» አለችው፤ ወረቀቱን ሰጠችው። «አንድም አልጎደለም።»

ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያየው አጠፈው። «ሌላስ የታየሽ ነገር አለ?»

«ድሮፕ ማድረግ ነበረብህ።»

ዋቅጅራ አልተንቀሳቀሰም። ወረቀቱን የያዘው እጁ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

«ትሩፍ…» አለ።

«አትንገረኝ። ያንተ ሥራ አይደለም፤ ነገ የሚናገሩት አሉ።» ሳህኑን አንስታ ሰጠችው። «ጥብሱን አልጨረስኩትም። ጥሩ ነበር።»

«እኔ እኮ… ማለዳ ነው የሰማነው። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።»

«አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ብስራተ ገብርኤል እኔ ቤት ነበር የምትመጡት?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። «መጀመሪያ አንቺ ጋ። ከዚያ አንቺን ይዘን እናትሽ ጋ። የእድሩ ሰዎች እዚያ ይጠብቁናል።»

«እኔ ጋ አትምጡ። አሁን ሀና ማርያም ነው የምታደርሰኝ፤ እማ ጋ አድራለሁ።»

ዋቅጅራ አያት። «አብረሻት? ሌሊቱን ሁሉ? ሳትነግሪያት?»

«የሚቀመስ በሶ አለ» አለች።

«ትሩፍ፣ አትችዪም። ፊትሽን ታየዋለች።»

«መነጽሯን ሁልጊዜ ታጣዋለች።» ቦርሳዋን አነሳች። «አንተ ዛሬ ችለሃል አይደል?»

ዋቅጅራ ቁልፉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ትሩፋት መብራቱን አጠፋች፤ ሹራቧን ሳታወልቅ ቀድማው ደረጃውን ወረደች።